ጀልባዋ ውሃ ስታስገባ፦ መቅዳት ወይስ መድፈን?

ጣና ላይ በትንሽ ሞተር ጀልባ እየሄዳችሁ እግራችሁ ስር ውሃ ተጠራቀመ እንበል። ላይፍ ጃኬት ካላጠለቃችሁ መጀመሪያ እሱን አጥልቁ። ከዚያስ? ብዙ ሰው ጆግ አንስቶ ውሃውን መቅዳት ይጀምራል። እኔ ግን መጀመሪያ መድፈን ነው የምለው።

ሒሳቡን እዩት። ከውሃው ወለል 30 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ያለ፣ 2.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ በደቂቃ 40 ሊትር ገደማ ያስገባል። ሁለት ትልልቅ ጀሪካን ማለት ነው! ይህን በጆግ ብቻ የሚከተል ሰው ቶሎ ይዝላል። ስለዚህ ነጠላ፣ ካልሲ፣ ያገኛችሁትን ጨርቅ ጠቅልላችሁ ቀዳዳው ውስጥ ጠቅጥቁት፤ አንድ ሰው ተጭኖ ይያዘው። ጥርቅም ብሎ ባይደፈንም ግድ የለም። የሚገባው ከቀነሰ ቀጂው ይደርስበታል። ቀዳዳው ከጎን ከሆነ ሰውና ዕቃ ቀስ እያለ ወደ ሌላኛው ጎን ጠጋ ይበል፤ ቀዳዳው ከውሃ በላይ ሊወጣ ይችላል። ሁሉም ባንዴ ብድግ ካለ ግን ጀልባዋ ትገለበጣለች።

መቅዳት የሚቀድመው ማዕበል ከላይ ውሃ ሲጨምር ነው። ቀዳዳው አልገኝ ካለም እንዲሁ፣ አፍንጫዋን ወደ ዳር አዙሮ እየቀዱ መሄድ ነው።

የደንገል ታንኳ ግን ከሁለቱም ውጪ ነው። የሚደፈን ቀዳዳ የለውም። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ሲከብድ ዳር አውጥቶ ፀሐይ ላይ ማድረቅ ነው።