ካራሜል ወይስ ካካዎ? ቤት ውስጥ ለሚሠራ ጣፋጭ ቡና

ኬክ ኬክ የሚል ቡና ካማራችሁ ሁለት ቀላል መንገዶች አሉ።

ካካዎው ለሰነፍ ይመቻል። አንድ የሾርባ ማንኪያ የካካዎ ዱቄትና አንድ ማንኪያ ስኳር ኩባያ ውስጥ ጨምሩ። የፈላ ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ እሹት። ሲለሰልስ ቡናውን፣ ከዚያም ትኩስ ወተት ጨምሩበት። በቀጥታ ቀዝቃዛ ወተት ላይ ከበተናችሁት ግን ጓጉሎ ይንሳፈፋል፤ አበቃለት።

ካራሜል፣ ማለትም ድስት ላይ ቀልጦ የሚጠቁር ስኳር፣ ዓይን ይፈልጋል። ስኳሩ ወደ 170 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ ወርቃማ ይሆናል፤ ከዚያ እስኪያር ብዙ አይቆይም። ስልካችሁን አስቀምጡ! የማር መልክ ሲይዝ ከእሳት አውርዱና ለብ ያለ ክሬም ቀስ በቀስ ጨምሩ። ፉ ብሎ ስለሚገነፍል ድስቱ ጎድጎድ ያለ ይሁን። የቀለጠ ስኳር እጅ ላይ ካረፈ ቀልድ የለውም። በመጨረሻ ቆንጠር ያለች ጨው።

ጣዕሙስ? ካካዎ ራሱ መራራ ነው፤ ጠቆር ብሎ ከተቆላ ቡና ጋር ምሬት በምሬት ይሆናል። ካራሜል ያንን ያለዝበዋል፤ ስለዚህ ለጠቆረ ቡና ምርጫዬ እሱ ነው። ፈካ ያለውን ቡና ግን ይውጠዋል። ዋጋውም ድስት ማጠብ ነው።

በበረዶ ለሚጠጣ፣ ሁለቱንም ቡናው ትኩስ እያለ አሟሙ። በረዶው ኋላ ይግባ፤ አለዚያ ጣፋጩ ሥር ይቀራል።