አራት ቀዳዳ ያለው ሁሉ ዋሽንት አይደለም

በመጀመሪያ የተሸወድኩትን ልናገር። ከሁለት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የባህል ዕቃ መሸጫ ገብቼ ዋሽንት ገዛሁ። የሱቁን ስም ተዉት። ሲያዩት ያምራል፤ ቫርኒሽ ተቀብቷል፣ ጫፉ ላይ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ክር ተጠምጥሞበታል፣ አራቱ ቀዳዳዎች ደግሞ በማስመሪያ የተለኩ ይመስል እኩል እኩል ተራርቀዋል። ጉዱ ያለው እዚያው ላይ ነበር። ቤት ወስጄ ስነፋው ከቅኝቶቻችን ትዝታም አይደለም፣ ባቲም አይደለም፣ ምንም አይደለም። ለካ ለግድግዳ ነው የተሠራው! አሁንም ግድግዳ ላይ ነው።

አሁን የምጽፍላችሁ ስለ ሌላ ዋሽንት ነው። የባህል ሙዚቃ የምንወድ ሰዎች አልፎ አልፎ ቅዳሜ ቅዳሜ አንዳችን ግቢ ተሰብስበን እንጫወታለን። ክራር አለ፣ ማሲንቆ አለ፣ ከበሮ አለ፤ ዋሽንት ነፊ ግን አልነበረንም። አንድ ቀን አንድ ትልቅ ሰው፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው፣ በእጃቸው የሠሯቸውን ዋሽንቶች በማዳበሪያ ከረጢት ይዘው መጡና ለልጆቹ በነፃ አደሉ። እኔ አምስት አንድ ላይ አዘዝኩ። ሁለት ለትዝታ (አንድ አጭር፣ አንድ ረጅም)፣ ለባቲ፣ ለአንቺ ሆዬና ለአምባሰል አንድ አንድ።

አምስት ምን ያደርግልሃል ያለኝ ሰው ብዙ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። አራት ቀዳዳ አለ፣ ሁሉም ሲደፈን የሚወጣው ድምፅ ሲጨመር አምስት ይሆናል። ቅኝቶቻችንም ባለ አምስት ድምፅ ናቸው፤ ጠንከር ተደርጎ ሲነፋ ያው አምስቱ ከፍ ብለው ይደገማሉ። ግን የአምባሰል ሁለተኛ ድምፅ ከመጀመሪያው የሚርቀው በግማሽ ድምፅ ብቻ ነው፣ በተለመደው ትዝታ ግን በሙሉ ድምፅ ይርቃል፤ ስለዚህ ለትዝታ የተበሳ ዋሽንት አምባሰል አውጣ ቢሉት ያስቸግራል። ክራር ተጫዋች አውታሩን አጥብቆ አላልቶ ይገላገላል። ዋሽንት ነፊ ሌላ ዋሽንት ማንሳት አለበት። በዚያ ላይ ዘፋኙ ድምፁ ወፍራም ከሆነ ረዘም ያለው ያስፈልጋል። ጥሩ ነፊዎች ታስሮ እንደመጣ እንጨት ብዙ ዋሽንት ይዘው የሚዞሩት ለጉራ አይደለም።

ጋሼ ሲሠሩ ሄጄ አይቻለሁ። ሸምበቆውን ቆርጠው በጥላ ያደርቁታል፤ እርጥቡን ከበሱት ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ቀዳዳውን የሚያወጡት በጋለ ብረት እያቃጠሉ ነው። መጀመሪያ ጠባብ ያደርጉታል፣ ይነፋሉ፣ ከተቃኘ ክራር ጋር ያስተያያሉ፣ ትንሽ ያሰፋሉ፣ እንደገና ይነፋሉ፣ ከሰፋ ድምፁ ወደ ላይ ስለሚወጣና አንዴ ካለፈ መመለሱ ጣጣ ስለሆነ ለአንድ ቀዳዳ ብቻ ሩብ ሰዓት ሲለፉ አይቼ እኔ ደከመኝ። «ለምን በማስመሪያ ለክተው አይበሱትም?» አልኳቸው። «ሸምበቆ ሁሉ ውስጡ አንድ ነው እንዴ ልጄ?» አሉኝ። የዚያ ሱቅ ዋሽንት ትዝ አለኝ።

ወደ ውጤቱ ልግባ። አጭሩ የትዝታ ዋሽንት እጅግ ግሩም ነው። በስልኬ ቱነር (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ፈትሼዋለሁ፣ ከክራሩ ጋርም ገጥሟል። አፉ ላይ ያለው ጠርዝ በደንብ ስለተሞረደ ከንፈር አይፍቅም፤ ይሄን የሚያውቀው ራሱ የሚነፋ ሰው ብቻ ነው። (ለጀማሪ፦ ዋሽንት እንደ ፊሽካ አየሩን የሚመራ ምላስ የለውም፣ ጠርዙን በራሳችሁ ከንፈር መፈለግ አለባችሁ። እኔ የመጀመሪያውን ሳምንት ንፋስ ብቻ ነበር የማወጣው። ደግሞ እንዳነሳችሁት ድምፁ ዝቅ ቢልባችሁ አትደንግጡ፣ በትንፋሽ ሲሞቅ ከፍ ይላል።) የባቲውና የአንቺ ሆዬውም ጥሩ ናቸው። ረጅሙ ድምፁ ልብ ይነካል፣ ግን ቀዳዳዎቹ ተራርቀው ጣቴ አልደርስ ብሎ ፍዳዬን ነው የማየው። ትንሽ እጅ ያለው ሰው ሳይለካ እንዳያዝዝ።

የአምባሰሉ ግን አልተሳካም። ሁለተኛው ድምፅ ከሚገባው በላይ ወጥቷል። ማሲንቆው አጠገብ ስነፋው ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ሌላ ቅሬታ? አለ። ሁለት ሳምንት ተብሎ ሁለት ወር ጠበቅኩ። ስደውል «እየደረቀ ነው» ነው መልሱ። እውነትም እየደረቀ ነበር፣ ግን ቀድሞ ቢነገረኝ ምን ነበረበት። ደግሞ ሸምበቆው ላይ ምንም ማጠናከሪያ አይጠመጥሙበትም። የባቲውን መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ረስቼው ከጫፉ ተሰነጠቀ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ቢሆንም ጫፉ ላይ ጠበቅ ያለ ክር ቢኖር ስንጥቁ እንዲህ ባልሮጠ ነበር። ዋጋው ላይ ቅሬታ የለኝም። አንዱ ዋሽንት ያ የግድግዳዬ ጌጥ ከወጣበት ያነሰ ነው የፈጀብኝ።

አንድ ልመናም አለኝ። ጋሼ፣ ለልጆች ማደሉ በጣም ደስ ይላል፣ ግን እባክዎ ወደ ቤት ስንሄድ ያድሉልን። ከምሳ በፊት ያደሉ ዕለት ግቢው ውስጥ ማሲንቆ መስማት ቀርቶ መነጋገርም አልተቻለም። አንዷ ልጅ ግን ማምሻው ላይ አራቱንም ቀዳዳ ደፍና ንፁህ ድምፅ አወጣች፣ እኔ ሳምንት የፈጀብኝን።

የአምባሰሉን መልሼ ወስጄላቸው ነበር። አልተከራከሩም። ነፉት፣ ፊታቸውን አጨማደዱ፣ የቀዳዳዋን ጠርዝ በሰም አጠበቡና መልሰው ሰጡኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ማሲንቆው አጠገብ ደግሜ እነፋዋለሁ።