ለአባዬ መላጊያ ማሽን ኩሽኔታ ፍለጋ፣ ማንን አመሰግናለሁ ማንን አልመክርም

ለእረፍት ነው የገባሁት ግን ከሦስት ሳምንቱ አምስት ቀን ኩሽኔታ (የሚዞር ዘንግ የሚያቅፍ ባለ ብይ ቀለበት) ስፈልግ አለቀ። አባዬ አሮጌ የእንግሊዝ የእንጨት መላጊያ ማሽን አለው፣ ሲነሳ ይጮሃል፣ ሻፍቱን፣ ማለትም የሚዞረውን ዘንግ፣ በእጅ ስታወዛውዘው ይላወሳል። እሱ እንደሆነ ግራሶ ጨምሩበት ነው መልሱ። ስፈታው የኩሽኔታው ብዮች ጠቁረዋል፣ የሚይዛቸው ቀለበት ለሁለት ተሰብሯል፣ የዓይነቱ ቁጥር ደግሞ ተፍቆ አይነበብም።

መጀመሪያ የሄድኩበት ሱቅ ልጁ አሮጌውን በጨርቅ እንደጠቀለልኩት ገለጥ አርጎ አየና "ይሄማ 6205 ነው ወንድሜ" ብሎ ካርቶኑን ሰጠኝ፣ እኔም ሞኝ ሳልከፍተው ከፍዬ ወጣሁ። ቤት ስገጥመው ሻፍቱ ላይ አይገባም፣ ከውጭ ደግሞ ቤቱ ውስጥ (ማሽኑ ላይ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ) ይንከላወሳል። የአክስቴ ልጅ መዶሻ አንስቶ ነበር፣ እጁን ያዝኩት! ስመልሰው "ከተከፈተ አንቀበልም" አሉኝ። ጥፋቱ የኔም ነው እሺ፣ ግን አሮጌና አዲሱን ጎን ለጎን ቢያስቀምጣቸው ያስታውቅ ነበር እኮ።

ሁለተኛው ሱቅ ቁጥር ከሌለው አናውቅም፣ ሻፍቱን ቶርኖ ቤት ወስደህ አስቀንሰው፣ ቤቱ ላይ ቦኮላ (ክፍተት የሚሞላ የብረት ቀለበት) አስገባበት አሉኝ። በዛ ፍጥነት የሚዞር ሻፍት በግምት ይላጣል? ትቼ ወጣሁ።

ሦስተኛው ጋ ያሉት ሽማግሌ ናቸው፣ እሳቸውን ነው የማመሰግነው። ምንም ሳይናገሩ አሮጌውን በናፍጣ ጨርቅ ጠረጉት፣ ካሊፐራቸውን (ስፋትና ውፍረት መለኪያ) ከኪስ አወጡ፣ ውስጡን ለኩ ውጩን ለኩ ውፍረቱን ለኩ፣ 25.4፣ 57.15፣ 15.88። ከዛ ቀና ብለው "ልጄ፣ ይሄ ሚሊ አይደለም ኢንች ነው" አሉኝ። አንድ ኢንች፣ ሁለት ከሩብ፣ አምስት ስምንተኛ ማለት ነው። 6205 ደግሞ 25 በ52 በ15 ነው፣ ሻፍቱ ላይ ልዩነቱ 0.4 ሚሊ ብቻ ነው፣ እሷ ግን በቂ ናት አታስገባም። ወረቀት ላይ የትክክለኛውን ኩሽኔታ መጠሪያ አርኤልኤስ 8 ብለው ጻፉልኝ፣ አንዳንዱ አምራች ኤልጄ1 ይለዋል አሉ።

ሳልጠይቃቸው ሌላም አስተማሩኝ። በሚሊ የሚለኩት ኩሽኔታዎች ላይ የቁጥራቸው የመጨረሻ ሁለት አኃዝ በ5 ሲባዛ የውስጡን ስፋት በሚሊ ይሰጥሃል፣ 05 ከሆነ 25 ነው፣ 06 ከሆነ 30፣ 08 ከሆነ 40፣ ከ04 በታች ግን አይሠራም፣ 00 ከሆነ 10 ነው፣ 01 ከሆነ 12፣ 02 ከሆነ 15፣ 03 ከሆነ 17። 6305ም ውስጡ 25 ነው ግን ውጩ 62 ስለሆነ መጨረሻውን ብቻ አይተህ አትግዛ አሉኝ። ከቁጥሩ ቀጥሎ ዜድዜድ የሚል ፊደል ካለው ክዳኑ ላሜራ ነው፣ 2አርኤስ ካለው ጎማ ነው፣ ሲ3 ሲሆን ብዮቹ ትንሽ ላላ ይላሉ፣ ለሚግል ነገር ነው። ይሄን ሁሉ ገና ምንም ሳልገዛ! እሳቸው ጋ አልነበረም፣ ስልክ ደዋውለው በሁለተኛው ቀን አስመጡልኝ።

መግጠሙን ቶርኖ ቤት ሰጠሁት። ሥራቸው ጥሩ ነው ቀጠሯቸው ግን መጥፎ፣ ዛሬ ብለውኝ ነገ ና ሆነ። ልጁ ኩሽኔታውን ዘይት ውስጥ አሞቀው፣ እሳት በቀጥታ አላስነካውም፣ ቴርሞሜትሩ 90 ሲል አወጣውና በቧንቧ የውስጡን ቀለበት ብቻ እየገፋ አስገባው፣ የውጩን ከመታኸው ኃይሉ በብዮቹ በኩል ስለሚያልፍ መንገዳቸውን ይጎዳዋል አለኝ። ግራሶም ሲጨምር ባዶውን ቦታ ሲሶ ያህል ብቻ ሞላ፣ ጢም ካለ ይግላል። አባዬ ይሄን ሲሰማ ፊቱን አዞረ።

ማሽኑ አሁን ይሠራል። አባዬ የካቻቢቴውን ጫፍ ቤቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አርጎ ብዙ አዳመጠ፣ ምንም አላለም። 6205ዋን ደግሞ ከነካርቶኗ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጧታል፣ አንድ ቀን ለሆነ ሞተር ትሆናለች ብሎ።