ኢንስታግራም፣ ቴሌግራም፣ ፍሊከር ወይስ አንስፕላሽ? ለሐዋሳ ፎቶ አንሺና ሞዴል የሚሆነው የቱ ነው

ቅዳሜ ከሰዓት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ብቅ ካላችሁ ቬሎ ሳታዩ አትመለሱም። አንዷ ሙሽራ ከጀልባ ሳትወርድ ሌላዋ ተራ ትጠብቃለች። ፎቶ አንሺው በአንድ ዓይኑ ሙሽሮቹን ያያል። በሌላው አባ ኮዳ ከጀርባ ገብቶ ፎቶውን እንዳያበላሽ ይጠብቃል። ወፉ ራሱን ከሚዜዎቹ አንዱ አድርጎ ነው የሚቆጥረው።

ያ ሁሉ ልፋት ካለቀ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ፎቶው የት ይጫን የሚለው ነው። «ኢንስታግራም ላይ ነዋ!» ይላል ሰው። እኔም ለብዙ ጊዜ እንደዚያው ስል ነበር። አሁን ግን የጠየቀኝን ሰው መልሼ እጠይቀዋለሁ፦ ማን እንዲያይልህ ነው የምትፈልገው? ሙሽራ? ማስታወቂያ የሚያሠራ ድርጅት? ሌላ ፎቶ አንሺ? ወይስ ከአምስት ዓመት በኋላ አንተው ራስህ? እነዚህ አራቱ አንድ ቦታ አይመጡም። ሳይት ስትመርጡም ከዚህ ብትነሱ ይሻላል።

(ከዚህ በታች ስለ ሳይቶቹ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ኢንስታግራም

የሰርግ ፎቶ የምታነሱ ከሆነ ይሄን መዝለል አይቻልም። ሙሽራዋ ቀብድ ከመክፈሏ በፊት ሥራችሁን የምታየው እዚህ ነው፤ ወይ ቲክቶክ ላይ። ቲክቶክን ለብቻው አላነሳሁትም፤ እዚያ የሚሄደው በዋናነት ቪዲዮ ነው።

ኢንስታግራም በ2010 ሲጀመር የፎቶ መተግበሪያ ነበር፤ ያውም ካሬ ፎቶ ብቻ። ካሬ ያልሆነ ፎቶ የፈቀደው በ2015 ነው። በ2021 ግን ኃላፊው አዳም ሞሴሪ ራሱ፣ ከእንግዲህ የፎቶ ማጋሪያ ብቻ እንዳልሆኑ በአደባባይ ተናገረ። ቪዲዮ ይቅደም ማለቱ ነው። ስለዚህ የደከማችሁበትን ፎቶ ጭናችሁ ሰው ካላየው፣ ጥፋቱ ሁሌ የእናንተ አይደለም።

ጥራቱን በቁጥር እንየው። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ የሚያወጣው ፎቶ በረጅሙ ጎን 6000 ፒክስል ገደማ ነው። ኢንስታግራም ወርዱን ወደ 1080 ያወርደዋል። ስልክ ላይ ለማየት ይበቃል። ከዚያ አውርዶ በትልቁ አሳትሞ ሳሎን ልስቀል ላለ ሰው ግን አይሆንም። ደንበኛችሁን አስቀድማችሁ ንገሩት፤ አለበለዚያ የሚወቀሰው ካሜራችሁ ነው።

ሌላው ቅርጹ ነው። አግድም ፎቶ ስልክ ላይ ያንሳል፤ ቁመቱ የረዘመ፣ አራት ለአምስት የሆነው ግን ስክሪኑን ይሞላል። በ2025 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ፕሮፋይል ላይ የሚታዩት ሳጥኖች ከካሬነት ወደ ቁመት ተቀየሩ። ገጹን በካሬ አሳምሮ የደረደረ ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ተበላሸበት። እኔም አንዱ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ገጽ ማሳመር ትቻለሁ፤ ፎቶ ሳነሳ ግን ግራና ቀኙን ለቀቅ አደርጋለሁ።

ለፎቶ አንሺና ለሞዴል በጣም የሚጠቅመው ነገሩ ኮላብ ነው። ከ2021 ጀምሮ አንድ ፖስት በሁለት ሰው ገጽ ላይ እኩል እንዲወጣ ማድረግ ይቻላል። ላይኩም ኮሜንቱም የጋራ ነው። የእሷ ተከታዮች እናንተን ያያሉ፣ የእናንተ እሷን። አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፦ የጫነው ሰው ካጠፋው ከሁለታችሁም ገጽ ይጠፋል። ተኳርፈው ፎቶ ያጡ ሰዎች አውቃለሁ።

አንድ ምክር ልጨምር። የማታውቁት ሰው የሚልክላችሁ መልእክት ወደ ዋናው ኢንቦክስ ሳይሆን ወደ ጥያቄዎች ክፍል ነው የሚገባው። በየቀኑ ክፈቱት። እኔ አንድ ሙሉ ሰርግ፣ ከነመልሱ፣ እዚያ ውስጥ ሦስት ሳምንት ተኝቶ አግኝቼዋለሁ። ሙሽሮቹ ያኔ ተጋብተው ጨርሰዋል።

ቴሌግራም

ፈረንጅ ፎቶ አንሺ የፎቶ ሳይት ሲያወዳድር ቴሌግራምን አይቆጥረውም። እኛ አገር ግን ፎቶ በትክክል ደንበኛ እጅ የሚገባው በእሱ ነው። እንደ ፎቶ ከላካችሁት አብዛኛውን ጊዜ ጨምቆ ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ፒክስል ያወርደዋል። እንደ ፋይል ከላካችሁት ግን ምንም አይነካውም፤ አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ድረስ ይቀበላል። ብዙ ደንበኛ ይሄን ልዩነት አያውቅም። «ፎቶው ደበዘዘብኝ» ብሎ የሚደውል ሰው ካለ፣ ከመቶ ዘጠናው ከቡድን ወደ ቡድን ፎርዋርድ የተደረገውን የተጨመቀውን ነው የያዘው።

ቻናል ከፍቶ ሥራን መደርደርም አሪፍ ነው። ዋጋ፣ የሰርግ ጥቅል፣ የምረቃ ፎቶ በየተራ። ድክመቱ ፈላጊ ሰው በራሱ ጊዜ አያገኛችሁም። ሊንኩን የሰጠው ሰው መኖር አለበት። ስለዚህ ኢንስታግራም ያመጣውን ደንበኛ ቴሌግራም ይጨርሰዋል ብላችሁ ያዙት።

ፋይል መላክ ሁለት ጦስ አለው። አንደኛው ስርቆት ነው። የታቦር ተራራን ጥዋት በጭጋግ ያነሳሁትን ፎቶ በሙሉ ጥራት ቻናሌ ላይ ለጥፌው ነበር። ከወራት በኋላ አንድ ካፌ ገብቼ ማኪያቶ ሳዝ፣ ግድግዳው ሙሉ የኔው ታቦር! ስም የለ፣ ሎጎ የለ። ማኪያቶውን በነፃ ጋበዙኝ፤ እሱም ትንሽ ነገር አይደለም። ከዚያ በኋላ ለሕዝብ የሚታየውን ጨመቅ አድርጌ፣ ለደንበኛ ብቻ በፋይል እልካለሁ።

ሁለተኛው ለሞዴሎች የበለጠ ያስፈራል። ስልካችሁ ቦታ እንዲመዘግብ ከፈቀዳችሁለት፣ ፎቶው የተነሳበት ቦታ ፋይሉ ውስጥ ተጽፎ ይቀመጣል። በፋይል ስትልኩት እሱም አብሮ ይሄዳል። ቤት ውስጥ የተነሳ ፎቶ ለማያውቁት ሰው በፋይል መላክ የቤትን አድራሻ እንደመስጠት ነው። ኢንስታግራም ሲጫን ይሄን መረጃ ከፎቶው ላይ ያራግፈዋል። ስልክ ቁጥራችሁንም ቴሌግራም ላይ ማንም እንዳያየው ከሴቲንግ ውስጥ ዝጉት።

ፍሊከር

ወጣት ፎቶ አንሺዎች ሲሰሙት «አሁንም አለ እንዴ?» ይላሉ። አለ። በ2004 ቫንኩቨር፣ ካናዳ ተጀመረ። ያሁ ገዝቶት ቆየ፤ በ2018 ስመግመግ የሚባል የፎቶ ኩባንያ ወሰደው። ያሁ በነበረበት ጊዜ ለማንም 1 ቴራባይት በነፃ ይሰጥ ነበር። አሁን በነፃ የሚፈቀደው 1000 ፎቶ ነው። ከዚያ ውስጥ ለሕዝብ የማይታይ ማድረግ የምትችሉት 50ውን ብቻ ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ አንድ ደህና የሐበሻ ሰርግ 800 ፎቶ ያወጣል። ሁለተኛው ሰርግ ሳያልቅ ኮታው አለቀ። የሚከፈልበት ፕሮ ገደብ የለውም፤ ክፍያው ግን በዶላር ነው። ዶላር የሚከፍል ካርድ የሌለው ሰው እዚያው ይቀራል። ስለዚህ የሰርግ ፎቶ አንሺ ፍሊከር ምንም አያደርግለትም። ሙሽራችሁም ስሙን ሰምታው አታውቅም።

ወፍና ተፈጥሮ የምታነሱ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሐዋሳ የወፍ ከተማ ናት። አሞራ ገደል ዓሣ በሚራገፍበት ሰዓት ቆማችሁ ባትንቀሳቀሱ እንኳ ካሜራችሁ ፊት የማይመጣ የለም። ጉሬዛውም ከዛፍ ይወርዳል። እንዲህ ያለ ፎቶ ኢንስታግራም ላይ ለአንድ ቀን ይታያል፣ በቃ። ፍሊከር ላይ ግን በወፉ ስም የሚፈልግ ሰው ከዓመታት በኋላም ያገኘዋል። ጥራቱ አይቀንስም፤ አንድ ፎቶ እስከ 200 ሜጋባይት ይቀበላል። ካሜራው፣ ሌንሱ፣ ሹተሩ ከሥሩ ይነበባል። ለሚማር ልጅ ይሄ ትምህርት ቤት ነው።

500ፒክስል

ቶሮንቶ ላይ በ2009 የተጀመረ ነው፤ በ2018 የቻይናው ቪዥዋል ቻይና ግሩፕ ገዝቶታል። ፎቶዎቹ እጅ ያስቆረጥማሉ። የሚያያችሁ ግን ሌላ ፎቶ አንሺ ነው። እሱ ያደንቃችኋል፤ እናንተም ታደንቁታላችሁ። ቀብድ የሚከፍል የለም። ጊዜ ከተረፋችሁ ብቻ ግቡበት።

አንስፕላሽና ፔክስልስ

እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡኝ፤ እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ሰፈር ነው።

እነዚህ ፎቶ በነፃ የሚሰጥባቸው ናቸው። አንስፕላሽ ከ2021 ጀምሮ የጌቲ ንብረት ነው፤ ፔክስልስን ካንቫ በ2019 ገዝቶታል። ሰው ፎቷችሁን ሳያስፈቅድ፣ ሳይከፍል፣ ስማችሁን ሳይጠቅስ ለንግድ ሊጠቀምበት ይችላል። የእይታው ቁጥር ያሰክራል። ኢንስታግራም ላይ መቶ ሰው ያላየው ፎቶ እዚያ ሺዎች ሲያዩት ሰው መሆናችሁ ይሰማችኋል። ችግሩ አንስፕላሽ ላይ አንዴ የሰጣችሁት ፈቃድ መልሶ አይሰበሰብም። ፎቶውን ብታጠፉት እንኳ ቀድሞ ያወረደው ሰው እንደያዘው ይቀራል።

ከነፃ ሳይቶች በአንዱ ላይ የጓደኛዬን ፎቶ ጫንኩ። ሐይቁ ዳር፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ሹሩባዋን ተሠርታ። ቆንጆ ፎቶ ነበር። እሷ «ፖስት አድርገው» ነው ያለችኝ፤ ኢንስታግራም መስሏት። በዓመቱ አክስቷ ከሌላ ከተማ ደወሉላት። የውበት ሳሎን ባነር ላይ አይተዋት «ምነው ልጄ፣ ሥራ ቀየርሽ እንዴ?» አሏት። ሳሎኑ የትም ቦታ አልሰረቀም፤ ፎቶውን ያወረደው ከኔው ገጽ ነው። ጥፋቱ የኔ ነበር። ይቅርታ ለመጠየቅ ቤቷ ስሄድ እናቷ ቡና አላቀረቡልኝም። የሚገባኝ ነው።

ነገሩ የይሉኝታ ብቻ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 ላይ የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት፣ ማባዛትና መሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ደግሞ የሚፈቀዱትን ይዘረዝራል፤ ለምሳሌ በሕዝባዊ ሥነ ሥርዓት ላይ የተነሳ ሲሆን። ጉዱማሌ ላይ የፍቼ ጫምባላላን በዓል አንስታችሁ ብታወጡ ይሄ ይሸፍናችኋል ብዬ አምናለሁ። የአንዱን ሽማግሌ ፊት ቆርጦ የቡና ማሸጊያ ላይ መለጠፍ ግን ሌላ ጣጣ ነው። የፎቶ አንሺው መብት በበኩሉ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ተጠብቋል፤ ለፎቶ 25 ዓመት። አንድ ፎቶ ላይ ሁለት ባለመብት አለ ማለት ነው፦ ያነሳውና የተነሳው።

ሽያጭ የሚፈልግ ሹተርስቶክን የመሰሉትን ይሞክር። እነሱ ፊቱ የሚለይ ሰው ካለበት፣ ፎቶው ለማስታወቂያ እንዲውል ሰውየው የፈረመበትን ፎርም ይጠይቃሉ። ገንዘቡ በምን መንገድ እጃችሁ እንደሚገባ ከመጫናችሁ በፊት አጣሩ።

ሞዴል ከሆንሽ

እስካሁን የበዛው ለፎቶ አንሺ ነው። ላንቺ ምርጫው ጠባብ ነው፦ ኢንስታግራም ብቻውን ይበቃሻል። ግን ከፎቶ አንሺው ገጽ ይለያል። እሱ በብዛት ያሳያል፤ አንቺ አሥር፣ አሥራ ሁለት የተመረጠ ፎቶ ይበቃሻል። ከዚያ ውስጥ ሁለቱ ሜካፕ የሌለበት፣ ፊልተር ያልነካው፣ በመስኮት ብርሃን የተነሳ ይሁን። ልብስ የሚያስተዋውቅ ሰው ማየት የሚፈልገው አንቺን ነው፤ ኤዲቱን አይደለም። ቁመትሽንና ከተማሽን ጻፊ። ለሥራ የሚሆን ሌላ ሲም ያዢ። «ለምዝገባ ይህን ያህል ብር ላኪ፣ ዱባይ እንልክሻለን» የሚል መልእክት ከመጣ፣ ሥራ የሚሰጥ ሰው ከሠራተኛው ገንዘብ እንደማይጠይቅ አስቢ። ከማታውቂው ፎቶ አንሺ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሠሪ ሰው ይዘሽ ሂጂ። ፎቶ አንሺው ቅር ካለው ሥራው ይቅርብሽ።

ማስቀመጫውስ?

ከላይ ካሉት አንዱንም ማስቀመጫ አድርጋችሁ አትቁጠሩ። አካውንት ይዘጋል፣ ይጠለፋል፣ ሕጉ ይቀየራል። ጎግል ፎቶስ እንኳ የተጨመቀ ፎቶ ያለ ገደብ በነፃ መያዙን በ2021 አቁሟል። አሁን ነፃው 15 ጊጋባይት ነው፤ ኢሜላችሁም ከዚያው ይቆነጥራል። አንዱ ፎቶ 10 ሜጋባይት ቢሆን 800ው 8 ጊጋባይት ነው። አንድ ሰርግ፣ ግማሹ ሄደ። ሁለት ሃርድ ዲስክ ግዙ፤ አንዱ ስቱዲዮ፣ አንዱ ቤት።

የኔ አሠራር ይሄን ይመስላል። ደንበኛ ለማምጣት ኢንስታግራም፣ ለማስረከብ ቴሌግራም፣ ለወፎቼ ፍሊከር። ሰው ያለበትን ፎቶ ነፃ ሳይት ላይ አልጭንም፤ ሐይቁን ብቻውን ካነሳሁ ግን እሰጣለሁ። ከሞዴል ጋር ስሠራ ደግሞ አንድ ገጽ ወረቀት አለችኝ፤ ሦስት ሳጥን አላት። አንደኛው ለሁለታችን ገጽ፣ ሁለተኛው ለማስታወቂያ፣ ሦስተኛው ለነፃ ሳይት። ባለፈው ሳምንት ያቺው ጓደኛዬ ከታረቅን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቶ ልትነሳ መጣች። ወረቀቱን ሰጠኋት። ረጋ ብላ አነበበችው፣ የመጀመሪያው ላይ ምልክት አደረገች፣ ሦስተኛውን በስክሪብቶ ደጋግማ ሰረዘችው። ወረቀቱ ተቀደደ።