«ፒኤን 20» ተብሎ 2.3 ሚሊሜትር የሚጫንላችሁ የፒፒአር ቧንቧ

ቤት እየጨረሳችሁ ያላችሁ፣ በዚህ ሳምንት የፒፒአር ቧንቧ (በሙቀት የሚበየደውን የፕላስቲክ የውሃ ቧንቧ) ልትገዙ ያሰባችሁ ሁሉ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። የሱቁን ስም አልጠራም፤ ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። በር ላይ ጎሚቶና ቲ (መታጠፊያና ባለ ሦስት አፍ ማገናኛ) በካርቶን ተደርድሯል፣ ባንኮኒው ላይ አጠር ብሎ የተቆረጠ ሳምፕል አለ፣ ልጁ «ኦሪጅናል ነው፣ 50 ዓመት ዋስትና አለው» ይላል፣ ዕቃው ደግሞ ሁልጊዜ «መጋዘን ነው ያለው»።

ሳምፕሉ ላይ ምንም አይወጣለትም። በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ተለካ፤ የቧንቧው ግድግዳ 4.2 ሚሊሜትር። ባለ 25 ፒኤን 20 መሆን ያለበት ልክ ይሄው ነው፤ ፒኤን ቧንቧው የሚችለው የግፊት ደረጃ ነው። ዋጋው የተቆረጠውም በዚሁ ነው። 30 ቤርጋ (ባለ 4 ሜትር ዘንግ) ታዘዘ፣ ተከፈለ፣ ከመጋዘን መጥቶ ዳማስ ላይ ተጫነ። እስሩ በላስቲክ ተጠቅልሏል፤ ሁለቱም ጫፍ ተሸፍኖ በፕላስተር ተጠምጥሞበታል። «አቧራ እንዳይገባው ነው» አሉ።

ሳይት ላይ ላስቲኩ ተቀደደ። ከላይ ያሉት ሦስቱ ወፍራም ናቸው። አራተኛው በመቀስ ሲያዝ ገና ሳይጫኑት እንደ ለስላሳ መምጠጫ ስትሮ ጠፍጠፍ አለና ተቆረጠ። ካሊፐሩ 2.3 አለ። የሚቀጥለውም 2.3። ተራ በተራ ተለካ፤ 27ቱ በሙሉ 2.3። ሁሉም ላይ በጥቁር ቀለም የታተመው ግን «ፒኤን 20» ነው።

ተመልሶ ሱቅ ሲኬድ ልጁ ከስልኩ ቀና ሳይል «እኛ የምንሸጠው ቧንቧ ነው፣ ውፍረት አንሸጥም» አለ። ባለቤቱ ከኋላ መጣና ደረሰኙን ተቀብሎ በጣቱ አሳየ። «ፒፒአር ቧንቧ 25፣ ብዛት 30» ይላል። «25 አይደለም እንዴ? በለው፣ ለካው!» ብሎ ከጎኑ ካሉት ጋር ሳቀ። ደም የሚያፈላው እዚህ ላይ ነው። ቢለካ በእርግጥም 25 ነው።

25 የውጭ ዲያሜትር ነው። ሁሉም ደረጃ አንድ ዓይነት ጎሚቶና ማኒኮቶ (ቀጥ ያለ ማገናኛ) ውስጥ መግባት ስላለበት ከውጭ ልዩነት የለውም፤ የተቀነሰው ፕላስቲክ በሙሉ የሚቀነሰው ከውስጥ በኩል ነው። ባለ 25 ፒኤን 10 ግድግዳው 2.3፣ ፒኤን 16 ከሆነ 3.5፣ ፒኤን 20 ከሆነ 4.2 ነው። ባለ 20 ሲሆን 1.9፣ 2.8 እና 3.4፤ ባለ 32 ሲሆን 2.9፣ 4.4 እና 5.4። ጫፉ በላስቲክ የሚታሸገውም ለዚሁ ነው፤ ቀዳዳውን ካላያችሁ ልዩነቱን አታዩትም።

ኪሎውም ይናገራል። ንጹሕ ፒፒአር በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 0.9 ግራም ገደማ ይመዝናል። ባለ 4 ሜትሩ 25×4.2 ቤርጋ ወደ 1 ኪሎ ይጠጋል፤ 25×2.3 ግን 600 ግራም አይሞላም። በ27 ቤርጋ ከ10 ኪሎ በላይ ፕላስቲክ ሳይሰጡ ገንዘቡን ወስደዋል ማለት ነው።

«ውሃ ያሳልፋል አይደል?» የሚለው የልጁ ክርክር ብዙ ሰው የሚበላው እዚህ ጋ ነው። ያሳልፋል። የፒኤን ቁጥር የሚሰጠው ለ20 ዲግሪ ውሃ ነው። ጣሪያ ላይ ካለ ታንከር በ10 ሜትር ከፍታ የሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ የሚፈጥረው ግፊት 1 ባር ብቻ ስለሆነ ስሱ ቧንቧም ይችለዋል። በፓምፕ እስከ 10 ባር ተሞልቶ ቢፈተሽ እንኳ ፈተናውን ያልፋል። ሻጩ የሚተማመነውም በዚህ ነው። ሙቅ ውሃ ሲመጣ ነገሩ ሌላ ነው፤ በ70 ዲግሪ ቧንቧው ለዓመታት ሊሸከም የሚችለው ግፊት በቀዝቃዛው ከሚችለው ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ ይወርዳል። የቦይለር መስመር ላይ ስስ ቧንቧ ሲገባ፣ ግፊት መጨመሪያ ፓምፕም ካለ፣ ፕላስቲኩ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየተለጠጠ ይቆይና በቁመቱ ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ ሴራሚኩ ተለጥፎ አልቋል። ሴራሚኩ ይፈረሳል፣ «ባለሙያው ነው ያበላሸው» ይባላል፣ ሻጩን የሚያስታውሰው የለም።

ብየዳውም ላይ ጣጣ አለው። ባለ 25 በ260 ዲግሪ ማሽን ላይ 7 ሰከንድ ይሞቃል፣ ወደ ጎሚቶው 16 ሚሊሜትር ገደማ ይገባል፣ ከዚያ 2 ደቂቃ ሳይነካ ይቀዘቅዛል።  2.3ቱ ስስ ስለሆነ ትንሽ ከበዛበት እስከ ውስጥ ድረስ ይልማል፤ ሲገፋ ይታጠፍና ቀዳዳውን ሊደፍነው ይችላል። «ፊልተሩን አጽዳ፣ ሻወሩ ውሃ አነሰው» እየተባለ የሚኖርባቸው ቤቶች አንዳንዶቹ ችግራቸው ያ ውስጥ የተጠቀለለው ፕላስቲክ ነው።

ከዚህ የባሰው ውፍረቱ ልክ ሆኖ ማቴሪያሉ የተበላሸው ነው። ፒፒአር ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ በሰንሰለቱ መሐል ጥቂት ኤትሊን እዚህም እዚያም ስለተሰካበት ከተራው ፖሊፕሮፒሊን ይልቅ መሰበርን ይቋቋማል። ሙቅ ውሃ ውስጥ ዓመታት የሚቆየው ደግሞ ከኦክስጅን የሚጠብቀው አንቲኦክሲዳንት ስለሚጨመርበት ነው። አንዴ አገልግሎ የቀለጠ ፕላስቲክ ይህን መከላከያ ጨርሶት ሊሆን ይችላል። ቁራሌው የሰበሰበው የዘይት ጀሪካን ከተቀላቀለበት ደግሞ ጀሪካኑ ፖሊኤትሊን ነው፤ ሁለቱ አብረው ይቀልጣሉ እንጂ አይዋሃዱም፣ ስንጥቁ የሚጀምረውም በመሐላቸው ነው። ሲበየድ ያስታውቃል፦ ንጹሑ ዙሪያውን ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ቀለበት ያወጣል፤ የተቀላቀለው ይጨሳል፣ አረፋ ያወጣል፣ ሻካራ ይሆናል።

ሌላው የኖራ ድንጋይ ዱቄት ነው። ርካሽ ነው፣ ይከብዳል፣ ስለዚህ ሚዛኑን ያታልላል። ቁራጩን ባልዲ ውሃ ውስጥ ጣሉት፤ ፒፒአር መንሳፈፍ አለበት። ከሰመጠ በክብደት ከ15 በመቶ ያላነሰ ዱቄት አለበት፣ ወይም ጭራሽ ፒፒአር አይደለም። ተንሳፈፈ ማለት ግን ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ 10 በመቶ ቢጨመርበትም ይንሳፈፋል። ቁራጭ በክብሪት ብታቃጥሉ ንጹሑ እየተንጠባጠበ ይነዳል፣ የሻማ ሽታ ይሸታል። ነጭ አመድ ከተረፈው ዱቄቱ ነው፤ ባለ ፋይበር በተባለው (መሐሉ ላይ የመስታወት ጭረት ንብርብር ባለው) ቧንቧ ላይ ግን የሚተርፈው የመስታወት ጭረት ራሱ ስለሆነ መኖሩ ግዴታ ነው። መሐሉን ቀይ ወይም አረንጓዴ ቀለም ብቻ ቀብተው «ፋይበር» ብለው የሚሸጡም አሉ፣ ተቃጥሎ ምንም ካልተረፈው ከእነሱ ነው።

ባለ ጥርስ ጎሚቶ ስትገዙ ውስጡ ያለውን ብረት በምስማር ቧጭሩት። ቢጫ ከወጣ ናስ ነው፤ ግራጫ ከወጣ የሚሰባበረው ዚንክ ነው፤ ማግኔት ከሳበው ተራ ብረት ስለሆነ ይዝጋል።

ደረሰኙ ላይ «ፒፒአር 25×4.2፣ ፒኤን 20» ተብሎ ካልተጻፈ አትክፈሉ፤ «25» ብቻ ብሎ የሚጽፍላችሁ ለምን እንደሆነ ያውቃል። ሻጩ ሱቁ ውስጥ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብሎ ቢለጥፍም የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 እንከን ያለበትን ዕቃ የማስለወጥ ወይም ገንዘብ የማስመለስ መብት ይሰጣችኋል፤ የጊዜ ገደብ ስላለው አትዘግዩ። ላስቲኩን መኪናው ሳይነሳ፣ እዚያው መጋዘኑ በር ላይ ቅደዱት፤ ከላይ ያሉትን ትታችሁ ከመሐል ያሉትን ለኩ።