ከጎንደር ወደ አሜሪካ ለሚሄዱ እናትና አባት የትኛው የጤና ኢንሹራንስ ይሻላል?

ምርጫው የሚጀምረው ከዋጋው ሳይሆን ከቪዛው ነው። ከአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ተነስተው ወደ ልጆቻቸው የሚሄዱ ወላጆች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ በጉብኝት ቪዛ ጥቂት ወራት ቆይተው የሚመለሱና ልጅ አመልክቶላቸው በግሪን ካርድ ለመኖር የሚሄዱ። ለአንዱ የሚሆነው ለሌላው አይሆንም። ከሁሉ የሚከፋው ስህተት ግሪን ካርድ ላላቸው እናት ርካሽ ነው ተብሎ የጎብኚ ኢንሹራንስ መግዛትና የተሻለውን የመመዝገቢያ ጊዜ ማሳለፍ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ለጉብኝት የሚሄዱ

የጎብኚ ኢንሹራንስ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ለእያንዳንዱ ሕክምና የተቆረጠ መጠን ብቻ ይከፍላል፤ ሆስፒታሉ ከዚያ በላይ የጠየቀው በሙሉ የቤተሰቡ ዕዳ ነው። ሁለተኛው፣ ሰፊ ሽፋን ያለው፣ መጀመሪያ ከኪስ የሚወጣው (ዲዳክቲብል) ከተከፈለ በኋላ እስከ ውሉ ጣሪያ ድረስ ከወጪው አብዛኛውን ይሸፍናል። ዕድሜያቸው ለገፋ ወላጅ የመጀመሪያውን አንመክርም። የአሜሪካ ሆስፒታል አንድ አዳር በሺዎች ዶላር ስለሚያስወጣ ዋጋው ርካሽ መሆኑ ያታልላል።

ሁለቱም ነባር ሕመምን አይሸፍኑም። የደም ግፊትና የስኳር ክትትል ከኪስ ነው። አንዳንድ ውሎች ነባሩ ሕመም በድንገት ሲነሳ ይከፍላሉ፤ ግን የዕድሜ ገደብ አላቸው፣ ብዙዎቹም ከ70 ወይም ከ80 ዓመት በላይ ላለ ሰው ጣሪያውን ያወርዱታል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ውሉን ከፍታችሁ በእናታችሁ ዕድሜ ትክክል ያለውን ጣሪያ አንብቡ። ማስታወቂያው ላይ በትልቁ የተጻፈው የወጣቶቹ ነው።

የልደት ቀን ላይም ተጠንቀቁ። የቀበሌ መታወቂያው በእኛ አቆጣጠር 1950 ዓ.ም. ቢልና ፓስፖርቱ በፈረንጆች 1957 ወይም 1958 ቢል፣ ፎርሙ ላይ የሚሞላው የፓስፖርቱ ነው። ከተምታታ ወላጁ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጃሉ፤ ክፍያው ይጨምራል፣ ኋላም ክፍያ ሲጠየቅ መዝገቡ አልገጥም ይላል።

በግሪን ካርድ የሚሄዱ

እዚህ ዋናው መንገድ ብዙዎች ኦባማኬር የሚሉት ማርኬትፕሌስ፣ ማለትም በመንግሥት የተቋቋመው የጤና ኢንሹራንስ መገበያያ ነው። የዕድሜ ጣሪያ የለውም፣ ነባር ሕመምን ምክንያት አድርጎ መከልከልም ሆነ ዋጋ መጨመር አይችልም። ከጎብኚው ኢንሹራንስ ጋር የማይወዳደረው በዚህ ነው። ወላጁ አሜሪካ ከገቡ ጀምሮ 60 ቀን ልዩ የመመዝገቢያ ጊዜ አላቸው። ካለፈ በአብዛኛው ስቴት ከኖቬምበር 1 የሚከፈተውን ዓመታዊ ምዝገባ መጠበቅ ግድ ነው። የግሪን ካርዱ ፕላስቲክ በፖስታ እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ፓስፖርቱ ላይ ያለው የኢሚግራንት ቪዛና የመግቢያው ማኅተም ማስረጃ ይሆናል። ሽፋኑ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከተመዘገቡበት ቀጥሎ ባለው ወር መጀመሪያ ስለሆነ፣ ለመሃሉ ክፍተት ከጎንደር ሳይነሱ የአንድ ወር የጎብኚ ኢንሹራንስ መግዛት ተገቢ ነው። ውሉ ግሪን ካርድ ያለውን ሰው የሚቀበል መሆኑን ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ዋጋው ላይ ሁሉን የሚወስነው ወላጁ በማን ታክስ ላይ እንዳሉ ነው። በራሳቸው ስም ምንም ገቢ ሳይኖራቸው ቢያመለክቱ ከ2026 ጀምሮ ድጎማ (መንግሥት ከወርሃዊ ክፍያው የሚሸፍነውን) አያገኙም፤ ገቢያቸው ከድህነት መለኪያው በታች ለሆነ አዲስ ስደተኞች የነበረው ዕድል ተዘግቷል። ልጅ ከወጪያቸው ከግማሽ በላይ እየሸፈነ በታክሱ ላይ ጥገኛ (ዲፔንደንት) ካደረጋቸው ግን የሚታየው የመላው ቤተሰብ ገቢ ነው። ባልና ሚስት፣ አንድ ልጅና አያት ላሉበት ቤት የ2026 ድጎማ የገቢ ጣሪያ 128,600 ዶላር ነው። ቤቱ በዓመት 100,000 ዶላር ቢያገባ፣ ከራሱ እንዲከፍል የሚጠበቀው 9.96 በመቶ፣ ማለትም በወር 830 ዶላር ነው። ከማርኬትፕሌሱ የሚገዛው ለአያት ብቻ ሆኖ፣ ድጎማው የሚሰላበት መነሻ ሲልቨር (መካከለኛ ደረጃ) ዕቅድ በወር 1,200 ዶላር ቢሆን ድጎማው 370 ይሆናል። ገቢው ከጣሪያው አንድ ዶላር ካለፈ ድጎማው ሙሉ በሙሉ ይቀራል፤ ከ2026 ጀምሮም በቅድሚያ የተወሰደው ሁሉ በታክስ ጊዜ ይመለሳል። ትርፍ ሰዓት የሚሠራ ሰው ይህን ቀድሞ ያስላ።

ኩባንያዎች ለአዛውንት ከ21 ዓመት ወጣት ከሦስት እጥፍ በላይ ማስከፈል አይፈቀድላቸውም። ኒውዮርክና ቨርሞንት ውስጥ ደግሞ ዋጋው በዕድሜ አይለይም፤ ልጆች በተለያየ ስቴት ካሉ እናት ማን ጋ ይሁኑ ሲባል ይህም ይታሰብ። በብሮንዝና በጎልድ የዕቅድ ደረጃዎች መካከል ስትመርጡ፣ በየወሩ መድኃኒት ለሚወስዱ ወላጅ ብሮንዝ ወርሃዊ ክፍያው ቢያንስም ሐኪም ቤት በሄዱ ቁጥር ያስወጣል። በ2026 አንድ ሰው በዓመት ከኪሱ የሚከፍለው ጣሪያ፣ ወርሃዊውን ሳይጨምር፣ 10,600 ዶላር ነው።

ሜዲኬርና ሜዲኬይድ

65 ዓመት ስለሞላቸው ብቻ ሜዲኬር (የመንግሥት የአዛውንቶች ጤና ኢንሹራንስ) አይሰጥም። በግሪን ካርድ ሳያቋርጡ አምስት ዓመት መኖር ያስፈልጋል፤ እነሱም ሆኑ ባለቤታቸው አሜሪካ ውስጥ አሥር ዓመት ያህል ካልሠሩ ክፍል ኤ (የሆስፒታል ሽፋኑ) በገንዘብ ይገዛል። በ2025 ክፍል ኤ በወር 518፣ ክፍል ቢ (የሐኪም ሽፋኑ) 185፣ በድምሩ 703 ዶላር ነበር። አምስተኛው ዓመት ሲሞላ ይህን ከማርኬትፕሌሱ ዋጋ ጋር አስተያዩ። በጊዜው ሳይመዘገቡ የዘገዩ ግን ለክፍል ቢ በእያንዳንዱ 12 ወር 10 በመቶ ቅጣት በቋሚነት ይጨመርባቸዋል። ጎንደር መጥተው ረጅም ጊዜ መክረም የአምስት ዓመቱን ቆጠራ ሊያበላሽ ይችላል።

መደበኛው ሜዲኬይድም (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠው የመንግሥት ሽፋን) ለአብዛኛው ግሪን ካርድ ያዥ አምስት ዓመት ያስጠብቃል፤ ለድንገተኛ ሕመም የሚሆነው ግን ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች ክፍት ነው። አንዳንድ ስቴቶች በራሳቸው በጀት ቀድመው ይሸፍናሉ።

ሳይነሱ

ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወይም ከሚታከሙበት ክሊኒክ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሕመም ታሪክ አውጡ። መድኃኒቱ በንግድ ስሙ ሳይሆን በዋናው ስሙና በሚሊግራሙ ይጻፍ፤ የትኛው ዕቅድ አምሎዲፒን ወይም ሜትፎርሚን በስንት እንደሚሰጥ የሚፈለገው በዚያ ስም ነው። የቤተሰቡን የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተርም አታቋርጡ። የማርኬትፕሌስም ሆነ የሜዲኬር ሽፋን በአብዛኛው ከአሜሪካ ውጭ አይሠራምና፣ እናት ለጥምቀት መጥተው ቢታመሙ ከጤና ጣቢያ በሪፈር ወደ ሆስፒታል የሚያደርሳቸው ያ ደብተር ነው።