የፊት ነርቭ ሕመም፦ ያለ ቀዶ ሕክምና ካሉት አማራጮች የትኛው ለየትኛው ሕመም?

ከሁለት ሳምንት በፊት ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት አንዲት እናት ገቡ። ነጠላቸውን ቀኝ ጉንጫቸው ላይ በመዳፋቸው ደግፈው ይዘውታል፤ ሲናገሩም ከንፈራቸውን ብዙ አይከፍቱም። የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ብሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉና «ልጄ፣ የነርቭ መድኃኒት ስጭኝ፤ ውድ የሚባለውን» አሉኝ።

«እማማ፣ ሕመሙ እንዴት ነው የሚያደርግዎት? ድንገት እንደ ኮረንቲ ይነዝርዎታል ወይስ ቀኑን ሙሉ እንደ እሳት ይለበልብዎታል?»

«ኮረንቲ ነው እንጂ! እንጀራ ስጎርስ ያዝ ያደርገኝና መልሶ ይለቀኛል።»

ለእኒህ እናት ሕመም የሚሆነው መድኃኒት ውዱ አይደለም። በዚህ ሕመም ዋጋና ጥቅም አብረው አይሄዱም፤ አንዱን የሚያድን መድኃኒት ሌላውን ላይነካው ይችላል። ስለዚህ ንጽጽሬን ከመድኃኒቱ ሳይሆን ከሕመሙ ዓይነት እጀምራለሁ።

ኮረንቲው እና ልብለባው

የፊታችንን ስሜት የሚያደርሰው አምስተኛው የራስ ነርቭ ነው። በቀኝና በግራ አንድ አንድ አለን። እያንዳንዱ ሦስት ቅርንጫፍ አለው፤ አንዱ ወደ ግንባርና ዐይን፣ አንዱ ወደ ጉንጭና ላይኛው ድድ፣ አንዱ ወደ ታችኛው መንጋጋ ይሄዳል። ሐኪሞች ትራይጄሚናል ኒውራልጂያ የሚሉት ሕመም የሚመጣው ብዙውን ጊዜ አንድ የደም ሥር ነርቩ ከአንጎል ግንድ አጠገብ ባለበት ቦታ ተጭኖት ሽፋኑን ሲልጠው ነው። ሕመሙ ከቅጽበት እስከ ሁለት ደቂቃ ይቆያል፤ ከዚያ ምንም እንዳልነበረ ይጠፋል፤ ደግሞ ይመለሳል። ማኘክ፣ ጥርስ መፋቅ፣ ፊት መታጠብ፣ የጠዋት ነፋስ ይቀሰቅሰዋል። በብዛት የሚይዘው ከ50 ዓመት በላይ የሆኑትን ነው፤ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ይበዛሉ። ከ100,000 ሰው በዓመት ከ4 እስከ 13 የሚሆኑት አዲስ ይታመማሉ።

ሁለተኛው ዓይነት አይለቅም። ያቃጥላል፣ ይለበልባል፣ ቆዳው በነጠላ ጫፍ እንኳ ሲነካ ያንገበግባል። ብዙ ጊዜ አልማዝ ባለጭራ ግንባርና ዐይን አካባቢ ወጥቶ ከዳነ በኋላ የሚቀር ሕመም ነው። በጥርስ መነቀል ወይም በአደጋ ነርቩ ሲጎዳም እንዲሁ ይሆናል።

ይህን መለየት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያየሁት በእናቴ ነው። ሕመሙ ሲጀምራት ተማሪ ነበርሁ። ታችኛው መንጋጋዋን ስለያዛት ሁላችንም ጥርስ መሰለን። በየተራ ሦስት መንጋጋ ጥርስ ተነቀለላት፤ ሦስቱም ደህና ነበሩ። ሦስተኛው በተነቀለ ማግስት ፍትፍቱን በወተት አርሼ ሳጎርሳት ማንኪያው ከንፈሯን ሲነካ ፊቷ ጭብጥ አለ፤ እንባዋ ወረደ፤ ድምፅ ግን አላሰማችም። መናገሩም ይቀሰቅሰው ነበራ። ጥርሱን የነቀለው ባለሙያ በክፋት ያደረገው አይደለም። ግን ምን እንደሚቀሰቅሰውና ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ አልጠየቃትም። እኔም አልጠየቅኋትም፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ለኮረንቲው፦ ካርባማዜፒን ወይስ ኦክስካርባዜፒን?

ካርባማዜፒን፣ ብዙዎች ቴግሬቶል በሚለው ስሙ የሚያውቁት፣ በመጀመሪያ የምናውቀው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሆኖ ነው። ማዘዣ ይዘው የሚመጡ ሰዎች «እኔ የሚጥል በሽታ የለብኝም» ብለው ሲመልሱት አይቻለሁ፤ አይመልሱት። በእ.ኤ.አ. 1962 ለዚህ የፊት ሕመም እንደሚሠራ ከተዘገበ ጀምሮ እስከ ዛሬ የመጀመሪያ ምርጫ ነው። በጥናቶች ከወሰዱት ከ58 እስከ 100 በመቶ የሚሆኑት ሕመማቸው ሙሉ በሙሉ ወይም ለሙሉ በቀረበ ሁኔታ ተይዞላቸዋል፤ ለማነጻጸሪያ መድኃኒት የሌለበት ባዶ ፍሬ ከተሰጣቸው ግን ከ0 እስከ 40 በመቶ ብቻ። በዚህ ሕመም እንዲህ ያለ ጠንካራ ማስረጃ ያለው ሌላ ክኒን የለም፤ ዋጋውም ከሁሉም ርካሽ ከሚባሉት ነው።

አብዛኛውን ጊዜ በ100 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ ይጀመርና በየጥቂት ቀኑ እየተጨመረ ብዙዎች ከ400 እስከ 800 ላይ ይረጋጋሉ፤ ጣሪያው በቀን 1200 ነው። ሰውን የሚያስመርረው የመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል፣ ያዞራል፣ እግር ያንገዳግዳል። ለሽማግሌ ሰው በጨለማ ደረጃ መውረድ ያሰጋል፤ ባጃጅ የሚነዳ ሰውም እስኪለምደው መሪ ባይጨብጥ ይሻላል። ሌላው ብዙ ሰው የማይነገረው ነገር፣ ሰውነት ከጥቂት ሳምንት በኋላ መድኃኒቱን ፈጥኖ ማስወገድ መልመዱ ነው። «በመጀመሪያ ሠርቶልኝ ነበር፣ አሁን ከዳኝ» የሚሉ ሁሉ መድኃኒቱ አልከዳቸውም፤ መጠኑ በሐኪም መስተካከል አለበት።

ጉዳቱን አልደብቅም። በደም ውስጥ ያለውን ጨው ሊቀንስ፣ ነጭ የደም ሕዋስ ሊያሳንስ፣ ጉበት ሊነካ ይችላል፤ ስለዚህ ከመጀመርዎ በፊትና በየጊዜው የደም ምርመራ ያስፈልጋል። ቆዳ ላይ ሽፍታ ከወጣ፣ ይልቁንም አፍና ዐይን ከቆሰለ፣ የሚቀጥለውን ፍሬ ሳይውጡ ወደ ሐኪም ቤት ይሂዱ። የወሊድ መከላከያ ኪኒን ያዳክማል። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት ለሐኪሟ መናገር አለባት። ዶሉቴግራቪር ያለበት የኤች አይ ቪ መድኃኒት ወይም ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰውም እንዲሁ፤ ካርባማዜፒን ሁለቱንም ያደክማል። እዚህ ላይ ማፈር ጉዳት አለው። ከሰው ፊት መናገር ካልፈለጉ ወረቀት ላይ ጽፈው ይስጡን፤ እኛም አንብበን እንመልስልዎታለን።

ኦክስካርባዜፒን የካርባማዜፒን ታናሽ ወንድም ነው። ሥራው ይመሳሰላል፤ ድካሙና ማንገዳገዱ በአብዛኛው ቀለል ይላል፣ ከሌሎች መድኃኒቶችም ጋር ያለው ጠብ ያንሳል። በአንጻሩ የደም ጨው የመቀነስ ጠባዩ የባሰ ነው፤ የደም ግፊት መድኃኒት ሆኖ ሽንት የሚያበዛ ክኒን ለሚውጡ አረጋውያን ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዋጋውም ከፍ ይላል፤ እንደ ካርባማዜፒን በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኝም አይደለም። ስለዚህ ካርባማዜፒን በትክክለኛው መጠን ተሞክሮ ድካሙ አላሠራ ላለው ሰው ኦክስካርባዜፒን ገንዘቡ ይገባዋል፤ ገና ለሚጀምር ሰው ግን ርካሹን ይጀምር እላለሁ። ለካርባማዜፒን ሽፍታ ያወጣ ሰው ኦክስካርባዜፒንንም በራሱ አይሞክር፤ ሰውነቱ ለሁለቱም ሊቆጣ ይችላል።

ሁለቱም ብቻቸውን ካልበቁ ሐኪሙ ባክሎፌን ወይም ላሞትሪጂን ሊጨምር ይችላል። ላሞትሪጂን በጣም በዝግታ ስለሚጨመር ዛሬ ለሚያስጮህ ሕመም አይደርስም።

ለልብለባው፦ አሚትሪፕቲሊን ወይስ ጋባፔንቲን?

እዚህ ሚዛኑ ይገለበጣል። አሚትሪፕቲሊን የድብርት መድኃኒት ነው፤ ለነርቭ ሕመም ግን በትንሽ መጠን፣ ከ10 ወይም ከ25 ሚሊግራም ጀምሮ፣ ማታ ብቻ ይወሰዳል። ርካሽ ነው፤ እንቅልፍም ይሰጣል፤ በሕመም ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ለሚያነጋ ሰው ይህ ራሱ ሕክምና ነው። አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል። የልብ ምት ችግር፣ ግላኮማ ወይም የፕሮስቴት እብጠት ላለበት ሰው አይመችም።

ጋባፔንቲን ለልብና ለፕሮስቴት የዋህ ነው፤ ከሌሎች መድኃኒቶችም ጋር እምብዛም አይጣላም። ነገር ግን በቀን ሦስት ጊዜ መዋጥ አለበት፤ ውጤት የሚታየውም ብዙ ጊዜ ከ1800 ሚሊግራም ጀምሮ ነው። ባለ 300 ከሆነ በቀን ስድስት ፍሬ ማለት ነው፤ የወሩን ወጪ ከመጀመርዎ በፊት ያስሉት። የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ ኩላሊቱ የደከመ ሰው መጠኑ መቀነስ አለበት። ፕሪጋባሊን ዘመዱ ነው፤ በቀን ሁለቴ መሆኑ ይሻላል። ከሁለቱ አንዱ «አዲስና ጠንካራ» እየተባለ ለኮረንቲው ሕመም ሲሸጥ ግን ይጠይቁ፤ በዚያ በኩል ማስረጃቸው ከካርባማዜፒን በብዙ ያንሳል።

አንድ የምለምነው ነገር ጾምን ይመለከታል። በሁዳዴ ብዙ እናቶች የጠዋቱን ፍሬ ትተው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሁለቱን ባንድ ጊዜ ይውጣሉ። በማታ ለሚወሰደው አሚትሪፕቲሊን ጾሙ አያስቸግርም። ካርባማዜፒን ግን ጠዋት ሲዘለል ሕመሙ ይመለሳል፤ ከሰዓት ሲደረብ ያንገዳግዳል። የንስሐ አባትዎን አስቀድመው ያማክሩ፤ ለሕመምተኛ የሚፈቅዱት ነገር አለ።

ብር የሚበላው

ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ፓራሲታሞል ለኮረንቲው ሕመም አይሠሩም። የቢ ቫይታሚን መርፌ የቢ12 እጥረት ላለበት ነርቭ ይጠቅማል፤ በደም ሥር ለተጨነቀ ነርቭ ግን የሚያደርገው የለም። በወር የወሰዱትን መርፌ ዋጋ ደምረው የሦስት ወር የካርባማዜፒን ዋጋ ሆኖ ያገኙት ጥቂት አይደሉም።

«ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ የታሸበት ፊትም ብዙ አያለሁ። ዳማከሴውን አልጠላም፤ ነገር ግን ማሸቱ ራሱ ሕመሙን ይቀሰቅሰዋል። ጠበልም እንዲሁ ነው፤ የሚጠመቅ ሰው ቀዝቃዛው ውኃ ፊቱ ላይ እንዳይወርድበት አጥማቂውን ይንገር፤ መድኃኒቱንም አያቁም። ካርባማዜፒንም ባክሎፌንም በድንገት ሲቋረጡ ይጎዳሉ።

መርፌውና ጨረሩ

የቦቱሊነም ቶክሲን መርፌ ሕመሙ ባለበት ቆዳ ሥር በትንሽ በትንሹ ይወጋል። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ይጀምርና ወደ ሦስት ወር ይቆያል፤ ከዚያ ይደገማል። ጥቅሙ አያስተኛም፣ አያንገዳግድም፤ ጉዳቱ ለጊዜው ፊትን ሊያጣምም መቻሉ ነው። መግዛት ያሰበ ሰው በዓመት አራት ጊዜ ያባዛው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ መጓዝ ስላለበትም ከየት እንደመጣና እንዴት እንደተቀመጠ ሳይጠይቁ አይወጉ። ክኒን ለማይችል ሰው አማራጭ ነው እንጂ መጀመሪያ አይደለም።

ጋማ ናይፍ የሚባለው ጨረር ቢላ የለውም፤ በነርቩ ሥር ላይ ያነጣጥራል። ውጤቱ ከሳምንታት እስከ ወራት ሊዘገይ ይችላል፤ ፊት የመደንዘዝ ዕድልም አለ። ለጎንደር ሰው ከሕክምናው ዋጋ ላይ የሩቅ መንገድ፣ ማደሪያና አስታማሚ ይደመራል። ክኒኖቹ በሙሉ መጠናቸው ሳይሞከሩ መሬት ሸጦ ወደዚያ መሄድን አልመክርም።

ከመግዛትዎ በፊት

ዕድሜዎ ከ40 በታች ከሆነ፣ ሕመሙ በሁለቱም በኩል ከሆነ፣ ፊትዎ ከደነዘዘ ወይም ጆሮዎ ከደከመ፣ ክኒን ከመግዛትዎ በፊት የነርቭ ሐኪም ይይዎት፤ ኤም አር አይ ሊያስፈልግ ይችላል። ለዚህ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሪፈር ያስጽፉ። ከ50 ዓመት በላይ ሆነው ሲያኝኩ የመንጋጋ መዛል፣ ሲነካ የሚሰማ የራስ ቆዳ ሕመምና የዐይን መጨለም ከመጣ ያው ዕለት ይሂዱ፤ ያ ሌላ በሽታ ነው፤ ዐይን ያጠፋል።

እኒያ እናት ማዘዣ ይዘው ተመልሰው መጡ፤ ካርባማዜፒን፣ ባለ 200፣ ግማሽ ፍሬ ጠዋት፣ ግማሽ ማታ። ፍሬውን በምላጭ እኩል እየገመስሁ በወረቀት ጠቀለልሁላቸው። ቀስ ብሎ የሚለቀቀው ዓይነት ቢሆን ኖሮ እንዳይፈጩትና እንዳያኝኩት እነግራቸው ነበር። የካርቶኑን ጎን ቆርጬም ሰጠኋቸው፤ በሚቀጥለው ወር ሌላ ፋብሪካ የሠራው ቢሰጣቸው ለሐኪማቸው እንዲያሳዩት። መድኃኒቱ አንዳንዴ ከከተማው ስለሚጠፋ ሊያልቅ አሥር ቀን ሲቀረው እንዲመጡ ነገርኋቸው። ትናንት መጡ። ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ ነበር።